ቀበሮው ተቆጠረ፤ ሰውየውስ?

በጓሳ ስንት ቀይ ቀበሮ እንዳለ የሚጠይቅ ሰው መልስ አያጣም። ውርጩን ችለው፣ መነጽር አንግተው፣ ከሸንተረር ሸንተረር እየተከተሉ የሚቆጥሩ ተመራማሪዎች አሉ። ጭላዳውም መንጋ በመንጋ ይታወቃል፤ የትኛዋ እናት መቼ እንደወለደች ሳይቀር ይመዘገባል። እሰየው ነው። ከምድረ ገጽ ሊጠፋ የደረሰ አውሬ ስለተቆጠረ ቅር የሚለን ሰዎች አይደለንም። ነገር ግን በዚያው በጓሳ ዳር፣ ሳሩን አጭዶ ጣራውን የሚከድነው ገበሬ በሚኖርበት ቀበሌ ስንት ነፍስ እንዳለ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው የቆጠራ ቁጥር የ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት ነው። በዚያ ዓመት የተወለደ ሕፃን ዛሬ ድምፅ የሚሰጥበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። ሦስተኛው ቆጠራ ካለፈ በኋላ የተወለደው ደግሞ አገሩ አንድም ቀን በስሙ ጠርቶ ቆጥሮት አያውቅም።

ክርክራችን ባጭሩ ይህ ነው፦ ያልተቆጠረ ሕዝብ ተወክሏል ሊባል አይችልም። የምርጫ ክልል የድምፅ መስፈሪያ ቁና ነው። ቁናው ከተዛባ ኮሮጆው ምንም ያህል ቢታሸግ፣ ታዛቢው ምንም ያህል ቢበዛ፣ ሰልፉ ምንም ያህል ቢያምር፣ ስፍሩ ጎደሎ ነው። ይህ ቁና በአገራችን ሦስት ሥርዓት አሳልፎ እስካሁን በደንቡ አልተለካም። ስለ ምርጫ ብዙ ተጮኋል፣ ብዙ ደምም ፈስሷል። ስለ ቁናው ግን ማንም ሲጮህ አልሰማንም።

«ታዲያ ምን ይጠበስ? ይሄ የቢሮ ጉዳይ ነው፤ የጂኦግራፊ ልጆች ይጻፉበት። የኛ መጽሔት የግጥምና የልብ ወለድ ናት» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ቅሬታቸውን እንሰማለን፤ አንቀበለውም። የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከሆንን ከአንድ ቃል እንጀምር። እንደራሴ። አባቶቻችን ለፓርላማ አባል የሰጡት ስም ይህ ነበር። ቃሉን ስንከፍተው «እንደ ራሴ» ነው፤ እኔ በሌለሁበት እንደ እኔ ሆኖ የሚቆም ሰው። እንዲህ ያለ ጥልቅ ቃል የፈጠረ ቋንቋ፣ ይህ «ራሴ» የሚባለው ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር ሳያውቅ እንደራሴ ሲልክ ኖሯል። ይህ የቃልና የእውነት መራራቅ የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

ወደ ታሪኩ እንግባ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ፈቀደ። አገሩ በተቻለ መጠን 200,000 ሰው በሚይዙ የምርጫ ክልሎች ይከፈል፣ እያንዳንዱ ክልልም ሁለት እንደራሴ ይላክ አለ። ከ30,000 ሕዝብ በላይ ላለው ከተማ ደግሞ ተጨማሪ እንደራሴ ሰጠው። በወረቀት ላይ ሲያዩት የሚያምር ሒሳብ ነው። ግን ማን ቆጥሮ? የመጀመሪያው አገር አቀፍ ሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው! ከ1950 ጀምሮ በየአራት ዓመቱ የተደረጉት አምስቱም የዘውዱ ዘመን ምርጫዎች በግምት በተሰመረ ክልል ላይ የቆሙ ነበሩ። ፓርቲ አልተፈቀደም፤ ዕጩው ግን በሚወዳደርበት ክልል ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ሰው ሳይቆጠር ንብረት ተቆጠረ ማለት ነው።

ዘውዱ ወደቀ፤ ደርግ መጣ። በሰኔ 1979 ዓ.ም. 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ ተመረጠ። በዚህ ጊዜስ ቆጠራ ነበር፤ ገና የሦስት ዓመት ዕድሜ ያለው ትኩስ ቆጠራ። ዕጩዎቹ ግን በኢሠፓ ወንፊት ያለፉ ነበሩ። ከዚህ የሚብሰው የተከተለው ነው። ሸንጎው ወንበሩ ገና ሳይሞቅ፣ በ1980 መጀመሪያ ላይ አገሩ በ24 የአስተዳደር አካባቢዎችና በ5 ራስ ገዝ አካባቢዎች እንደገና ተሸነሸነ። ሸዋ ራሱ ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ተከፈለ። ገበሬው በአንድ ካርታ መረጠ፤ የመረጠው ሰው በሌላ ካርታ ላይ ተቀመጠ። «ወሰንህ ተቀይሯልና እንደራሴህን ልትቀይር ትፈልጋለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው የለም።

ደርግም ወደቀ፤ ኢሕአዴግ መጣ። በ1984 ዓ.ም. አዲስ የክልል አከላለል ታወጀ፤ አውራጃ የሚባለው እርከንም ቀረ። በአንድ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የነበሩት ሰላሌና መንዝ ተለያዩ። ሰላሌ ወደ ኦሮሚያ፣ መንዝ በኋላ አማራ ወደተባለው ክልል 3 ሄዱ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን ስለ ምርጫ ክልል የማያሻማ ቃል አስቀመጠ። አንቀጽ 103ን የሕግ ተማሪ ጓደኛ ያለው ይጠይቅ። ሕዝብ በየ10 ዓመቱ ይቆጠራል፤ በቆጠራው ውጤት መሠረት፣ ምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ሐሳብ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን ወሰን ይወስናል ይላል። ማን ያቀርባል፣ ማን ይወስናል፣ በምን መሠረት፣ በስንት ዓመት፤ አራቱም ተጽፏል። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሕግ ከየት ይመጣል?

የሆነውስ? ሁለተኛው ቆጠራ በጥቅምት 1987 ተካሄደ። የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ በግንቦት 1987 ተደረገ። በመካከላቸው ሰባት ወር ብቻ ነበር። ሦስተኛው ቆጠራ በ1999 መጣ። አራተኛው በ2010 አካባቢ መሆን ሲገባው ተራዘመ፤ በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ዳግመኛ አራዘሙት፤ ከዚያ ወረርሽኙ፣ ከዚያ ጦርነቱ ተከተለ። የወንበሩ ብዛት በ1992ም፣ በ1997ም፣ በ2002ም፣ በ2007ም፣ በ2013ም ያው 547 ነው። ከእነዚህ ውስጥ የአማራ ክልል ድርሻ ያው 138፣ የኦሮሚያ ያው 178፣ የሶማሌ ያው 23 ነው። አገሩ በእጥፍ ሲያድግ ቁናው አልተነቃነቀም።

አሁን መንዝን በአጉሊ መነጽር እንየው። መንዝ በሞፈር፣ በአዳባይና በወንጪት ወንዞች፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ወደ ይፋት ቆላ በሚወርደው ገደል የታጠረ ደጋ ነው። ማማ፣ ላሎ፣ ጌራ የሚሉት ስሞች የሦስት አቅኚዎች ስም ናቸው ይባላል። ወንዙ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ገደሉም እዚያው ነው። የወረቀቱ ወሰን ግን አንድ ቦታ ላይ ረግቶ አያውቅም። በዘውዱ ጊዜ መንዝና ግሼ አውራጃ ነበር። በ1987ቱ ቆጠራ ጌራ ምድርና ቀያ ገብርኤል አንድ ወረዳ፣ ማማ ምድርና ላሎ ምድርም አንድ ወረዳ ሆነው ተቆጠሩ። በ1999ኙ ቆጠራ አራት ወረዳ ሆነው ተገኙ። መሐል ሜዳ ለብቻው፣ ዘመሮ ለብቻው፣ ሞላሌ ለብቻው። ወረዳው ተከፍሎ አስተዳዳሪው ሲበዛ፣ ማኅተሙ ሲበዛ፣ የቢሮው ወንበር ሲበዛ፣ ገበሬው በአዲስ አበባ ምክር ቤት ያለው ወንበር ግን በቆጠራ ተመርምሮ «በዝቷል» ወይም «አንሷል» ወይም «ልክ ነው» አልተባለለትም። ወረዳ መክፈል የሹመት ነገር ስለሆነ ቶሎ ይፈጸማል። ድምፅ ማስተካከል የሕዝብ ነገር ስለሆነ ይቆያል።

ለመሆኑ ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን የራሳችንን የምርጫ ክልል ስም የምናውቅ? የትኞቹ ቀበሌዎች አብረውን እንደሚመርጡስ? ከግሼ ራቤል የመጣውንም፣ ከመርሐቤቴ ዓለም ከተማ የመጣችውንም፣ ከጀማ ማዶ ያለውንም ጠይቁ። ወረዳውንና ዞኑን እንደ ውዳሴ ማርያም ያነበንባሉ፤ የምርጫ ክልሉ ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። ሕገ መንግሥቱ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት ይችላል ይላል። ማን ከማን ጋር ሆኖ ያንሳው? የወሰኑን ዳር የማያውቅ ሕዝብ ፊርማ ከየት ጀምሮ የት ድረስ ይሰበስባል? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ የአገር ልጆች ስሜታቸው ይነሳና «መፍትሔውማ ቀላል ነው፤ መንዝን እንደ ጥንቱ አንድ አድርጎ አንድ የምርጫ ክልል ማድረግ ነው» ይላሉ። የናፍቆቱ ምንጭ ይገባናል። አብሮ የኖረ፣ በአንድ ገበያ የሚገበያይ፣ በአንድ መንገድ የሚወርድና የሚወጣ ሕዝብ አብሮ ቢመርጥ ደግ ነው፤ በየትም አገር ወሰን ሲሰመር ይህ ይታያል። ነገር ግን ትናንትን ስንጠራ ትናንት የነበረውን በሙሉ እንጥራ። ለዚህ ደግሞ ከጓሳ የተሻለ አስተማሪ የለንም።

የአገሩ ትውፊት እንደሚለው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ አስቦና ጌራ የሚባሉ አቅኚዎች ደጋውን ሲይዙ ጓሳውን ለጋራ ግጦሽና ለሳር ለይተው ተዉት። የጥበቃው ሥርዓት ቄሮ ይባል ነበር፤ በቅርቡ ዘመን በፖለቲካ ከሰማነው የወጣቶች ስም ጋር በድምፅ ብቻ ነው የሚገናኘው። ተጠቃሚው በአቅኚዎቹ ዘር ይለያል፤ በየአጥቢያውም ይመደባል። ለአስቦ ወገን አንድ፣ ለጌራ ወገን አንድ አለቃ ይመረጣል፤ አፈሮ ይሉታል። ጓሳው ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል። በተዘጋ ጊዜ ሳር ያጨደ፣ ከብት ያስገባ ሰው ቤቱ እስከመቃጠል የሚደርስ ቅጣት ይጠብቀዋል። ጊዜው ደርሶ ሲከፈት ሁሉም በአንድ ቀን ይሰማል፤ ሁሉም ይገባል፤ ጣራውን ይከድናል፣ ገሳውን ይሠራል፣ ገመዱን ይገምዳል።

ይህን አስተውሉ ጓደኞቻችን። ፊደል ያልቆጠረ ነው እያልን የምንንቀው ገበሬ አራት ነገር ያውቅ ነበር። ወሰኑን ያውቃል። በወሰኑ ውስጥ ማን እንዳለ ያውቃል። በወሰኑ ስም የመረጠውን ሰው በፊቱ ያውቃል። ወሰኑ መቼ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ያውቃል። ዛሬ በምርጫ ክልላችን ጉዳይ ከእነዚህ ከአራቱ አንዱን እንኳ እናውቃለን የሚል እጁን ያውጣ! «የምርጫ ወሰንን በየጊዜው መርምሮ ማስተካከል የፈረንጅ ቅንጦት ነው» ለሚሉንም መልሳችን ይኸው ነው። ጓሳ ሄዳችሁ ሽማግሌ ጠይቁ።

ግን ሌላውንም ገጽ እንገልጥ፤ የናፍቆት ጓደኞቻችን የሚዘሉት እዚህ ጋ ነውና። በቄሮ ሥርዓት መብቱ የሚወጣው ከዘር ነበር። ከአቅኚው የሚወለድበትን መስመር ቆጥሮ ማስረዳት ያልቻለ ሰው በጓሳው ላይ ድርሻ አልነበረውም። የሚቆጠረው ትውልድ እንጂ ነፍስ አልነበረም። የየካቲት 1967 የመሬት አዋጅ መጥቶ ያንን አጥር ሲያፈርስ ከውጭ የነበረው ገባ፤ ይህ ፍትሕ ነው። ግን ጠባቂው አብሮ ፈረሰ፤ ጓሳው ባለቤት እንደሌለው ሜዳ ተጋጠ፣ ተጨደ፣ ታረሰ። ኅብረተሰቡ በኋላ ዕድር በሚል ደንብ ጥበቃውን መልሶ ሊያቆም ታገለ፤ እያደርም ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ተብሎ በክልሉ ሕግ ታወቀ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ወሰንን ያለ ቆጠራ በዘር ወይም በትዝታ ማስመር ሰው ያስቀራል። አሮጌውን አፍርሶ በምትኩ የታወቀ ደንብ ሳይተክሉ መተው ደግሞ ሁሉንም ያራቁታል። የምርጫ ክልላችን በሁለቱም በሽታ ተይዟል።

አሁን ወደ መራራው ሒሳብ እንሂድ። በ1999 ቆጠራ የየክልሉን ሕዝብ ለወንበሩ ስናካፍል፣ በአገር አቀፍ ደረጃ አንድ ወንበር 135 ሺህ ሰው ገደማ ይደርሰዋል። በሶማሌ ክልል አንድ ወንበር 193 ሺህ ሰው ገደማ ይሸከማል። በአፋር 176 ሺህ፣ በድሬዳዋ 171 ሺህ፣ በኦሮሚያ 153 ሺህ ገደማ። በአማራ 125 ሺህ፣ በአዲስ አበባ 119 ሺህ፣ በትግራይ 114 ሺህ፣ በሐረሪ 92 ሺህ ገደማ። የሐረሪን እንለፈው፤ ሕገ መንግሥቱ አናሳ ቁጥር ላላቸው ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 ወንበር እንዲጠበቅ ያዘዘው በምክንያት ነው፤ አነስተኛ ሕዝብ በብዙኃኑ መዋጥ የለበትም። የሶማሌው አርብቶ አደርስ ድምፁ ከሌላው ሲቀል በምን ምክንያት ነው? ለዚህ የተጻፈ ምክንያት የለም። ቁናው ስለተረሳ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ከእኛው መካከል «ዝም በሉ እንጂ! ሒሳቡ እኮ ለኛ ያደላል፤ እንደገና ይለካ ብላችሁ በገዛ እጃችን ወንበር ልታስወስዱን ነው?» የሚል ድምፅ ይነሳል፤ ተነስቷልም። ለዚህ ድምፅ መልሳችን ጠንካራ ነው። አዎ፣ የአማራ ክልል ሕዝብ በዚያ ቆጠራ ከተጠበቀው ከሁለት ሚሊዮን በላይ ጎደለ ተብሎ በምክር ቤት ጭምር ማከራከሩን እናውቃለን። ሁለት ሚሊዮን ተኩል ብንጨምርበት እንኳ ለአንድ ወንበር 143 ሺህ አይሞላም፤ አሁንም ከኦሮሚያም ከአፋርም ከሶማሌም ያንሳል። ታዲያ ምን እናድርግ? ሲጎድልብን «ቁጠሩን!» ብለን መጮህ፣ ሲተርፈን «አትቁጠሩ!» ብለን ዝም ማለት? ይህማ ፖለቲካ ሳይሆን የገበያ ሽቀባ ነው። በ1999 ቆጠራ የተበደልን መስሎን ያኔ የጮህንበት መርህ፣ ዛሬ ለጂግጂጋውና ለሰመራው ወንድማችንም ሊሠራ ካልቻለ መርህ አልነበረም ማለት ነው። ደግሞም ከላይ የተሰላው በክልል ደረጃ ነው። በክልሉ ውስጥ ከወረዳ ወረዳ፣ ከደጋ ቆላ፣ ከገጠር እየተነቀለ ወደ ደብረ ብርሃን የሚጎርፈውን ሕዝብ ስናስብ፣ መዛባቱ ከመካከላችን ማንን እንደሚጎዳ ሳይቆጠር ማን ያውቃል? ምናልባት የተጎዳው ራሱ «ዝም በሉ» የሚለን ጓደኛችን ይሆናል።

ሌሎችም ሦስት መከራከሪያዎች ይቀርቡልናል።

አንደኛው «አገር በጦርነትና በመፈናቀል ላይ ሳለ ቆጠራ አይቻልም» የሚለው ነው። እውነት አለው፤ ጥይት በሚጮህበት ቀበሌ መዝጋቢ ላኩ አንልም። ግን ይህ ምክንያት የሚያስረዳው የኋለኞቹን ዓመታት ብቻ ነው። የ1999ኙ ቆጠራ ተጠናቆ ውጤቱ ታትሞ እያለ የ2002 ምርጫ በዚያው 547 ተካሄደ፤ የ2007 ምርጫም በዚያው 547 ተካሄደ። ያኔ የትኛው ጦርነት ከለከለ? ሕንዶች በ1976 እ.ኤ.አ. የወንበር ክፍፍላቸውን በ1971ዱ ቆጠራ ላይ ሲያግዱት በአደባባይ፣ ሕገ መንግሥት አሻሽለው፣ ምክንያቱንና ጊዜውን ተናግረው ነው። የተስማማም የተቃወመም ምን እንደተወሰነ ያውቃል። የኛ እገዳ ግን አልታወጀም፤ ዝም ተብሎ ተደረገ። ዝም ተብሎ የተደረገ ነገር ደግሞ ማን እንዳደረገው አይታወቅምና ማንም አይጠየቅበትም።

ሁለተኛው «አንድ ፓርቲ ሁሉን በሚወስድበት አገር ወሰን ቢስተካከል ባይስተካከል ምን ለውጥ አለው?» የሚለው ነው። በ2007 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር መውሰዳቸውን ማንም አይረሳውም። እንዲህ ባለ ምርጫ ቁናው መዛባቱ አይታይም፤ አንድ ሰው ሁሉንም እህል ሲወስድ ስፍሩ ጎደለ አልጎደለ ማን ይለካል? ግን የሚዛን ስህተት የሚታየው ገዢና ሻጭ በተገናኙ ቀን ነው። እውነተኛ ፉክክር በመጣ ዕለት፣ በጥቂት ወንበር ልዩነት መንግሥት የሚቆምበትና የሚወድቅበት ቀን በመጣ ዕለት፣ ያኔ «ቁናችን የተዛባ ነው» ብለን ብንነሳ ማን ይሰማናል? ተሸናፊው ሰበብ ፈለገ ይባላል። ቁና የሚስተካከለው ከመከር በፊት ነው።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚያስፈራው፣ «ወሰን አትንኩ፤ ወሰን ደም ነው» የሚለው ነው። በ2013 በአፋርና በሶማሌ ክልሎች መካከል በሚያከራክሩ ቀበሌዎች የምርጫ ጣቢያ የት ይሁን የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ቁጣ እንደቀሰቀሰ አይተናል። ግን ሁለት ነገር እየተደባለቀ ነው። የክልል ወሰን ሌላ፣ የምርጫ ክልል ወሰን ሌላ። የምርጫ ክልል መስመር የማንንም ማሳ አይወስድም፣ የማንንም ቋንቋ አይቀይርም፣ ግብር የሚከፈልበትን ቦታ አያዞርም። የሚወስነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከማን ጋር ሆኜ ማንን እመርጣለሁ። ይህን ለሕዝብ አስረድቶ መለየት ሲገባ፣ ሁሉንም መስመር አንድ አድርጎ «አትንኩ» ማለት ፍርሃትን ማገልገል ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላል ያገራችን ሰው። ወሰን ደም የሚሆነው ባለቤቱ ሳይጠየቅ፣ በዝግ በር፣ በአንድ ሌሊት ሲሰመር ነው።

በሌላውም ዓለም ይህ ትግል ያለ መከራ አልተገኘም። በእንግሊዝ አገር፣ በዊልትሸር አውራጃ፣ ኦልድ ሳረም የሚባል ኮረብታ ነበር። ሕዝቡ ጥሎት ከሄደ በኋላ እንኳ ሁለት የፓርላማ አባል ይልክ ነበር፤ በፋብሪካ ሕዝብ የተጨናነቀው ማንቸስተር ግን ለብቻው አንድም አልነበረውም። ባለርስቶቹ «የቆየ ልማድ አይነካ» እያሉ ለዘመናት ተከላከሉ። ሕዝቡ በየአደባባዩ ተነሳ፤ ኮረብታው ወንበሩን የተነጠቀው በ1832 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በዚያ አገር የወሰን ኮሚሽን በየስምንት ዓመቱ የመራጩን ቁጥር ይዞ መስመሩን ይመረምራል፤ ከጥቂት ደሴቶች በስተቀር አንዱ ክልል ከአማካዩ ከመቶ አምስት በላይ እንዳይርቅ ሕግ ያስገድዳል። ረቂቅ ካርታው ለሕዝብ ይወጣል፤ «ሰፈራችንን ለምን ቆረጣችሁት?» የሚል ሁሉ ይጽፋል፣ ቀርቦ ይናገራል። አንዱን ሰፈር ያስከፋል፣ ሌላውን ያስደስታል። ግን ማን እንዳሰመረው፣ በምን ቁጥር እንዳሰመረው ይታወቃል። እኛ የምንመኘው ፍጹም መስመር አይደለም። የሚታወቅ መስመር ነው።

እንግዲህ ጥያቄያችንን እናስቀምጥ።

ቆጠራው ይካሄድ። ሰላም ባለበት ይጀመር፤ ሰላም በሌለበት ሰላሙ እንዲመጣ አንዱ ምክንያት ይሁን። ውጤቱ በቀበሌ ደረጃ ይታተም፤ የተቆጠረው ሰው ቁጥሩን ራሱ አይቶ «ጎድያለሁ» ማለት ይቻለው። በዚህ ላይ ቆሞ ምርጫ ቦርድ ረቂቅ ካርታ ያዘጋጅ፤ ካርታው በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በየመስጊዱ ግቢ፣ በየገበያው ይለጠፍ። ሕዝቡ ይከራከርበት። ምክር ቤቱ የሚወስነው ከዚያ በኋላ ይሁን፤ ሲወስንም ምክንያቱን ጽፎ ይወስን። የወረዳ መክፈልና ማጠፍ ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ወሰን በቀየሩ ቁጥር የምርጫ ክልሉ ምን እንደሚሆን በዚያው ቀን ለሕዝብ ያሳውቁ። ከዚህ ውስጥ ማንኛውም አዲስ ነገር አይደለም። ዋናው በሕገ መንግሥት ተጽፏል፤ የቀረው ጓሳ ላይ ሲሠራበት ኖሯል።

ይህ ሁሉ እስኪሆን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። እኛ ተማሪዎች ነን፤ መቁጠሪያም፣ ካርታ መሥሪያም ሥልጣን የለንም። ግን እግርና እርሳስ አለን። በሚመጣው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ እያንዳንዳችን ሦስት ነገር ጠይቀን እንመለስ። የምርጫ ክልላችን ስም ማን ነው? የትኞቹ ቀበሌዎች አሉበት? የተወከልንበት ሰው ለመጨረሻ ጊዜ መጥቶ ሕዝብ ያነጋገረው መቼ ነው? እማማንም እትዬንም፣ የቀበሌ ሊቀመንበሩንም፣ መምህሩንም፣ ደብተራውንም እንጠይቅ። መልስ ካለ እንጻፍ፤ መልስ ከሌለም «መልስ የለም» ብለን እንጻፍ። በሚቀጥለው እትም የእያንዳንዱን ወረዳ መልስ ጎን ለጎን አሰልፈን እናወጣለን። ግጥም ያላችሁ ግጥማችሁን አትተዉ፤ ይህንንም አምጡ።

ሰው ከቀበሮ ጋር እኩል ይቆጠር ማለት ትንሽ ጥያቄ ነው። ትንሽነቱ ነው የሚያሳፍረው።